ስድስተኛው ኮይል ውስጥ ያለው ምራቅ

ሙሐመድዘይንን መጀመሪያ ያወቅሁት በግድግዳ በኩል ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ዊንቸስተር የሚሉት ሰፈር ያለው አፓርታማችን ግድግዳው ስስ ነው፤ ጎረቤት ሲያስነጥስ ይማርህ ትሉታላችሁ፣ አመሰግናለሁ ይላችኋል። ስለዚህ ገና ሰላም ሳንባባል ደሴ ላይ ሰሚያ የምትባል ሚስት እንዳለችው፣ በስልክ ሲያወሩም እሱ መጀመሪያ ይቅርታ ሲጠይቅ ቆይቶ መጨረሻ ላይ እንደሚስቅ አውቅ ነበር። በኋላ ደረጃው ላይ ስንገናኝ ታዲያ ምንም እንዳልሰማ ሰው «አግብተሃል ወይ ልጄ?» አልኩት። «አዎ እማማ» አለኝ። «እሰይ! ማን ትባላለች?»

የሸማኔ ልጅ ነው። ወሎ፣ አባቱ ቤት፣ ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ከቶ ሸማ ሲሠራ ነው ያደገው። ኋላ በሱዳን በኩል ወጣ፣ እዚህ መጣና ሆቴል ሰሃን አጠበ። አምስት ዓመት ሆኖታል ተመልሶ ሄዶ ሰሚያን ካገባ፤ አንድ ወር አብሯት ቆየ፣ ከዚያ ወዲህ የቪዛ ፋይሏ እስኪደርስ በስልክ ነው የሚኖሩት። እንግዲህ አንድ ሰርግ ላይ የሙሽራዋ እናት የቀሚስ ጥለት ወንበር ላይ ተይዞ ተተረተረ። ሴትዮዋ ልታለቅስ ስትል ይሄ ልጅ እግሯ ሥር ቁጭ አለና በጣቱ ብቻ፣ ክር በክር፣ መልሶ ሠራላት። አጠገቡ የተቀመጠው ኢንጂነር ኃይለማርያም ነበር። ጎጃሜ ነው፣ የተማረ ነው፣ ሮድስ ራንች የሚሉት አጥር ያለው አዲስ ሰፈር ቤት የገዛ ጊዜ ሚስቱ የቤቱን ቁጥር ለቤተክርስቲያን ሰው ሁሉ የነገረችለት ነው። ምግቡን ትቶ የልጁን ጣቶች ሲያይ ቆየ፤ «ሰኞ ና፣ ሥራ አለኝ» አለው።

ሥራው ሩቅ ነው፣ ኤፔክስ ድረስ፣ በሰሜን በኩል ከተማው አልቆ በረሃው ሲጀምር። መጋዘን ነው። ባለቤቱ አሜሪካዊ ነው፣ ኢንጂነሩ ሥራውን ይመራል። እኔ እንደገባኝ አንድ ሩቅ ያለ ዩኒቨርሲቲ የፀሐይን ሆድ የመሰለ እሳት ማንደድ ይፈልጋል። እሳቱ ዕቃ ውስጥ አይቀመጥም፤ ግድግዳ ከነካ እሱም ይጠፋል፣ ግድግዳውም ይበላሻል። ስለዚህ ዙሪያውን በማግኔት ከበው ምንም ሳይነካ አየር ላይ ያግቱታል። ማግኔቱ የሚመጣው ከመዳብ ጥቅል ነው፣ ኮይል ይሉታል፣ ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል። ዩኒቨርሲቲው ሠላሳ አዟል።

«ክብ ቢሆን ቀላል ነበር እማማ» ይለኝ ነበር። «ይሄ ግን መኪና የሄደበት ቀለበት ነው የሚመስለው። እዚህ ይጎብጣል፣ እዚያ ይጠማዘዛል። መዳቡ ደግሞ እልኸኛ ነው። አጉብጠው ሲለቁት ትንሽ ወደነበረበት ይመለሳል። ከቦታው የጥፍር ውፍረት ያህል ከወጣ እሳቱ በዚያ በኩል ያመልጣል።»

መዳቡ መዳቡን እንዳይነካ ደግሞ ከብርጭቆ በተፈተለ ጥብጣብ ይጠቀለላል። «ብርጭቆ ይፈተላል?» አልኩት። ይፈተላል አሉ፣ እንደ ጥጥ። ተጠቅልሎ፣ ተጠምዞ፣ ንብርብር በንብርብር ካለቀ በኋላ የብረት ሣጥን ውስጥ ይዘጋል፣ አየሩን መጥጠው ሙጫ ይለቁበታል፣ ይጋግሩታል። ከዚያ በኋላ ድንጋይ ነው። ውስጡን የሚያይ ሰው የለም፣ እስከ ዓለም ፍጻሜ።

ሥራው የሚሠራው የፕላስቲክ ድንኳን ውስጥ ነው። ነጭ ልብስ፣ ነጭ ጓንት፣ የአፍ መሸፈኛ። አንድ ንብርብር ተጀምሮ ሳያልቅ መውጣት የለም፤ አቧራ ይገባል። ልጁ ሰግዶ ይገባል፣ አምስት ሰዓትም ስድስት ሰዓትም እዚያ የመዳብ ቀለበት መሃል ተቀርቅሮ ይቆያል። ሲወጣ ጀርባው አይቃናም። እንደዚያም ሆኖ ይወደው ነበር፣ ደስታውን በግድግዳ እሰማ ነበር፣ ያፏጫል።

ታዲያ ባለፈው ዓመት፣ በፈረንጆች ዘጠና ስምንት፣ ጁላይ ላይ ፉጨቱ ቆመ።

አንድ ሳምንት ጠበቅሁ። ቅዳሜ ዕለት ታች የልብስ ማጠቢያው ክፍል ቁጭ ብዬ ሳለሁ ልብሱን በከረጢት ይዞ መጣ። እዚያ ክፍል የምቀመጠው ልብስ ኖሮኝ አይደለም፣ ሰው ማሽን ሲጠብቅ ብዙ ያወራል።

«ዘይኑ፣ ይሄን ሸሚዝ ትናንት አይደለም ያጠብከው?»

«ቆሽሾ ነው እማማ።»

«ለብሰኸዋል?»

«አልለበስኩትም።»

«ታዲያ ተሰቅሎ ነው የቆሸሸው?»

ማሽኑን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ሳሙና ሳያደርግ ከፈተ።

«ሰው ገድለሃል?»

«አልገደልኩም።»

«ሴት ናት?»

«ኧረ እማማ! በአላህ!»

«እንግዲያው ምንም አይደል። ቁጭ በልና ንገረኝ።»

ቁጭ ብሎ ነገረኝ። ስድስተኛው ኮይል ላይ ነው። ሦስተኛው ንብርብር፣ በውስጥ በኩል፣ መዳቡ የሚጠማዘዝበት ቦታ፣ ጥብጣቡ አልተኛ አለው። ጫፉ ይተረተራል፣ በጓንት ሲይዘው ያመልጣል። አንድ ቦታ ላይ ሳያስበው ጓንቱን አወለቀ፣ የአፍ መሸፈኛውን ወደ ታች ጎተተ፣ ሁለት ጣቱን ምላሱ ላይ ነከረና የተተረተረውን ክር አፍተልትሎ አጣበቀው። አባቱ ድር ሲበጠስባቸው እንደሚያደርጉት። ሸማኔ ሁሉ እንደሚያደርገው።

«ብርጭቆው ምላሴን ሲወጋኝ ነው የነቃሁት» አለኝ።

«አንድ ጊዜ ነው?»

የከረጢቱን አፍ ቋጠረ፣ ፈታ።

«ዘይኑ?»

«የመጀመሪያውን እጄ ነው ያደረገው፣ እኔ አላሰብኩትም። አሥሩን ግን እኔው ነኝ። በጣም አማረልኝ እማማ፣ እንዴት ተኛልኝ መሰለዎት! ማንም አያየኝም። አሥራ አንዱንም እንደዚያ አደረግሁት።»

«ምራቅ ነው እኮ! ምራቅ ምን ያደርጋል?»

«ጨው አለው። ኤሌክትሪኩ በጨው በኩል መንገድ ያገኛል። ኢንጂነሩ ፎቶ አሳየን፣ ሌላ ቦታ የተሠራ ኮይል በአንድ ያላበ ጣት ምክንያት ውስጥ ለውስጥ ነዶ። ያሳየን ደግሞ እኔ ከጨረስኩ በኋላ ነው።»

«አሁን አይፈትሹትም?»

«ፈተሹት፣ አለፈ። ደርቋል፣ አዲስ ነው፣ ለዛሬ ያልፋል። ነገሩ ሲሠራ ነው፣ ዓመት ሲቆይ። አጠገቡ የሚቆሙት ደግሞ ተማሪዎች ናቸው።»

ይሄን ጊዜ ምኑ ላይ እንደተቀረቀረ ገባኝ። ሰሚያ የኤምባሲ ቀጠሮዋ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። አምስት ዓመት የጠበቀችው ቀጠሮ ነው። ከእሱ የሚፈለገው አንድ ወረቀት ብቻ ነው፣ ይሄ ሰው ቋሚ ሠራተኛችን ነው የሚል የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ። ከተናገረ ይባረራል፣ ደብዳቤ የለም፣ ሰሚያ የለችም። ዝም ካለ ደግሞ ሰኞ ጠዋት ሣጥኑ ይዘጋል፣ ሙጫው ይገባል፣ አለቀ።

እኔ ምን አልኩት? እውነቱን ልናገር። «ዝም በል» አልኩት። «ማን ያየዋል? ሚስትህን አምጣ፣ ከዚያ ትናገራለህ።»

«ከዚያማ ድንጋይ ነው እማማ።»

«ይሁና! ድንጋይ አይናገርም።»

ይማሉልኝ አለኝ፣ እስከ ሰኞ ለማንም አልናገርም ብዬ ማልኩ። ያን ቀን የደረሰብኝን እኔ ነኝ የማውቀው። ልጄ ሮዳስ ከካዚኖ ሺፍቷ ስትመለስ «እማዬ፣ አሞሻል?» አለችኝ። ወሬ ይዤ ዝም ስል አይታኝ አታውቅማ።

እሑድ ከምሳ በኋላ በሬን አንኳኳ። ዓይኑ ቀልቷል።

«አልቻልኩም» አለ። «የኢንጂነሩን ቤት ያውቁታል?»

«ቁጥሩን አውቃለሁ። ደውልለት እንጂ!»

«ያለኝ የቢሮው ስልክ ነው። በፊቱ ካልሆነ ደግሞ አልናገረውም፣ ራሴን አውቀዋለሁ። ይምጡ ከእኔ ጋር። ብቻዬን ከሄድኩ ከመንገድ እመለሳለሁ።»

ሄድን። የመኪናው ኤሲ ከሞተ ቆይቷል። የጁላይ ፀሐይ በመስታወቱ ገብታ ጭናችን ላይ ተቀመጠች። እሱ መሪውን በሁለት እጁ ጨምድዶ በየመብራቱ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፣ የሚናገረውን ይለማመዳል መሰለኝ።

ሮድስ ራንች በር ስንደርስ አግዳሚው ብረት ተዘግቷል። ዘበኛው ሽማግሌ ነው፣ ኮፍያ አድርጓል፣ ወረቀት ይዟል። ስማችሁ የለም አለ። ሙሐመድዘይን በእንግሊዝኛ አስረዳው፣ አስረዳው፣ ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። ልንመለስ ስንል ኋላችን ሦስት መኪና ቆሟል። ወደፊት ብረት፣ ወደኋላ መኪና። ጥሩምባ ተጀመረ።

«ተይዘናል» አለ ሙሐመድዘይን። ላቡ አገጩ ላይ ይንጠባጠባል። «እማማ፣ ይሄ ምልክት ነው፣ እንመለስ።»

«በምን በኩል ትመለሳለህ?» አልኩና በመስኮቱ ወደ ዘበኛው ጎንበስ አልኩ። ነጠላዬን አስተካከልኩ። ፊቴን እንደታመመ ሰው አደረግሁ። «ማዘር!» አልኩት ደረቴን እየመታሁ። «ኢንጂነር፣ ማዘር!» የቤቱን ቁጥር በጣቴ ቆጥሬ አሳየሁት። ሰውየው ደነገጠ፣ ስልኩን አነሣ።

ሁለት ደቂቃ አልሞላም። ኢንጂነር ኃይለማርያም፣ ያ ክራቫት የማይለየው ሰው፣ በካናቴራና በቤት ነጠላ ጫማ በዚያ በጋለ አስፋልት ላይ እየሮጠ መጣ። መኪናው ላይ ደርሶ መስኮቱን በሁለት እጁ ያዘ። «እማዬ!» አለ። ከዚያ አየኝ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አሳፋሪ ነገር አድርጌያለሁ፣ እንደዚያ ሰው ፊት ግን ያሳፈረኝ የለም።

«እርስዎ ነዎት?» አለ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «እናቴ እኮ አገር ቤት፣ ማርቆስ ነው ያለችው። አሥራ አራት ዓመቴ ነው ካየኋት። እንዴት መጣች ብዬ፣ ልቤን ሊያቆሙት ነበር እኮ!»

«ማዘር ብቻ ነው ያልኩት። የቀረውን ሰውየው ነው የሞላው። እናትስ አይደለሁም እንዴ?»

ሊቆጣኝ አፉን ከፈተ። ሙሐመድዘይን ቀደመው።

«ኢንጂነር፣ ስድስተኛው ኮይል ላይ ጓንቴን አውልቄያለሁ።»

ኋላችን ጥሩምባው ይጮኻል፣ ዘበኛው «ሁሉ ደህና ነው?» እያለ ይጣራል። ሙሐመድዘይን ግን ሁሉንም ተናገረ፣ መሪውን ሳይለቅ፣ ፊት ለፊቱን ብረቱን እያየ። ምራቁን፣ የአባቱን ድር፣ የመጀመሪያው እጁ እንደሆነ፣ አሥሩ እሱ ራሱ እንደሆነ። አንዱን አልዘለለም።

«አሥራ አንድ መሆኑን በምን አወቅህ?»

«ሸማኔ ቋጠሮውን ይቆጥራል። እያንዳንዱን ዓይኔን ጨፍኜ አሳይዎታለሁ።»

«ማን ያውቃል?»

«እማማ።»

ኢንጂነሩ ወደ እኔ ዞረ። «እሳቸው ካወቁማ አለቀልን።»

«ከትናንት ጀምሮ ለነፍስ አልተናገርኩም!» አልኩ። «ከነገ ወዲያ ግን ዋስ አልሆንም።»

አልሳቀም። ግንባሩን የመኪናው ጣሪያ ላይ አስደገፈ፣ የጋለ ቆርቆሮ ነው፣ አላወቀውም። «ጓንት ሳይወልቅ ተሠርቷል ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ንብርብሩ ሁሉ ላይ ፊርማዬ አለ። ለምን ነገርከኝ አንተ? እስከ አሁን አንተ ብቻ ነበርክ የተያዝከው።»

«ለማን ልንገር ጋሼ?»

«ሚስትህስ? ያ ደብዳቤ?»

«እሱን አልጠይቅዎትም።»

ዘበኛው ጥሩምባው ሲሰለቸው ብረቱን አነሣ። መንገዱ ተከፈተ፣ እኛ ግን አልተንቀሳቀስንም። ኢንጂነሩ ቀና አለና «ነገ ሣጥኑ አይዘጋም» አለ። ሰላም ሳይል ዞሮ ሄደ። ሲመጣ ሮጧል፣ ሲመለስ ግን አስፋልቱ እንዳቃጠለው በአካሄዱ ያስታውቅ ነበር።

ሰኞ ባለቤቱ ሰማ። አልጮኸም አሉ፣ ያ ነው የባሰው። ኮይሉ ይፈታ አለ፣ የሚፈታውም ያበላሸው ሰው ራሱ፣ ብቻውን። አንዴ የጎበጠ መዳብ ይጠነክራል፣ ሁለተኛ አይጠቀለልም፣ ስለዚህ የሁለት ወር ሥራ ቁርጥራጭ ይሆናል። ደብዳቤውን ሲጠይቁት «ውስጡን ሳላይ ስለዚህ ሰው ምንም አልጽፍም» አለ። ኢንጂነሩንም ከፈራሚነት አነሣው፣ ሌላ ሰው ከበላዩ አመጣበት።

ልጁ አሥራ ዘጠኝ ቀን ድንኳኑ ውስጥ ሲፈታ ቆየ። መጠቅለል ደስ ይላል፣ ትናንት ያልነበረ ነገር ዛሬ ይኖራል። መፍታት ግን ምን ደስታ አለው? ሰባት ክንድ ፈትቶ ቆርጦ ያስቀምጣል፣ በየቀኑ ቀለበቱ እየሳሳ ይሄዳል፣ እሱም አብሮ። ለሰሚያ «ወረቀቱ ትንሽ ዘግይቷል» ይላታል፣ በግድግዳ እሰማለሁ። ይቅርታው ረዘመ፣ ሳቁ ቀረ። የቀጠሮዋ ቀን እሱ ሦስተኛው ንብርብር ላይ ነበር። ደብዳቤ ሳትይዝ ገባች፣ ሲሟላ ነይ ብለው ሸኟት።

በማግሥቱ ቦታው ተደረሰ። ኢንጂነሩም ባለቤቱም አዲሱ ፈራሚም ድንኳኑ ውስጥ ቆመው፣ ሙሐመድዘይን ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ አሥራ አንዱንም አሳያቸው። ጥብጣቡን ላጡ። ዘጠኙ ቦታ ንጹሕ ነበር። ሁለቱ ላይ መዳቡ አረንጓዴ አውጥቷል፣ ምስር የምታህል፣ በዚያች አጭር ጊዜ። ባለቤቱ በማጉያ መነጽር ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ አዲስ መዳብ እዘዙ አለ።

አላባረረውም። እሱን የሚተካ ጣት ከየት ያገኛል? ደብዳቤውንም ከአንድ ሳምንት በኋላ ጻፈ። ኤምባሲው ግን ስምንት ወር ገፋት። አሁን ልጁ የባሰ ታስሯል። ወዳጁ ሙስዐብ ትልቅ ሆቴል በር ላይ ቲፕ ያለው ሥራ አግኝቶለት ነበር፣ መሄድ አይችልም፤ ከለቀቀ ደብዳቤው ዋጋ የለውም። ኢንጂነሩ ከሥራ ውጭ አያናግረውም። ድንኳኑ ውስጥ ሲገባ አዲሱ ፈራሚ በፕላስቲኩ በኩል ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ያየዋል፣ ስድስት ሰዓት ሙሉ፣ አፉን።

ለሰሚያ ግን እውነቱን አልነገራትም ነበር። እንዴት እንደምትሰማው ፈራ። ኦገስት ላይ አንድ ቀን እሱ ሥራ ላይ ሳለ ስልኩ በግድግዳው በኩል ጮኸ፣ ጮኸ። ቁልፉ እኔ ጋ ነበር፣ ለድንገት ብሎ የሰጠኝ። ይሄ ድንገት ካልሆነ ምን ይሆናል ብዬ ገብቼ አነሣሁት።

«ማን ነሽ አንቺ?» አለች የሴት ድምፅ፣ እንደ ቢላ።

«አስካል ነኝ፣ ጎረቤቱ። አያት ነኝ፣ አትደንግጪ።»

«እማማ አስካል! ስለእርስዎ ነግሮኛል። እባክዎ፣ ምን ሆኗል? የሆነ ነገር ደብቆኛል። ድምፁ ሌላ ነው።»

እንግዲህ ፍረዱኝ። መሃላዬ እስከ ሰኞ ነበር። ነገርኳት። ድንኳኑን፣ ምራቁን፣ የበሩን ብረት፣ ምስር የምታህለውን አረንጓዴ፣ ሁሉንም። አላቋረጠችኝም።

«ሰሚያ? ባይናገር ኖሮ እኮ አሁን እዚህ ነበርሽ» አልኳት። «ተናድደሽ ከሆነ አልፈርድብሽም።»

«ይሄን መቼ ነው የነገረዎት?»

«ቅዳሜ ዕለት፣ ሣጥኑ ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው።»

«ለእኔ አልነገረኝም፣ እስከ ዛሬ። ለእርስዎ ግን ነገረ።»

እኔ አስካል፣ የምለው አጣሁ።

«መናገሩን አልጠላሁትም» አለች። «ሰው ከሚቃጠል እኔ ስምንት ወር ብጠብቅ ይሻላል። ግን ቀጠሮው የእኔ ነበር። አምስት ዓመት በስልክ አግብቼው፣ የልቡን ለጎረቤት ይነግራል? እርስዎስ ‘ለሚስትህ ደውል’ አላሉትም?»

«አላልኩትም» አልኩ።

«እጠብቃለሁ። ስመጣ ግን ከሁለታችሁም ጋር ነው የምነጋገረው። አሁን ይሄን እንዳይነግሩት፣ ራሱ እስኪነግረኝ።»

ማታ ከሥራ ሲመለስ በሩ ላይ ጠበቅሁት። ጀርባው ጎብጧል፣ አንገቱ ላይ የአፍ መሸፈኛው ክር ሰምበር አውጥቷል።

«ስልክ ነበር እማማ?»

«ነበር። ሰሚያ ናት። እጠብቃለሁ ብላለች።»

«ሌላስ? ምን አለች?»

ምላሴ ጫፍ ላይ ሁሉም ተሰልፎ ቆሟል። ዋጥኩት።

«ደውልላት» አልኩት። «አሁን፣ ልብስህን ሳትቀይር።»